የሌላ ሰው እርሻ ግብር

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የሠራነው ሥራ የግብር ደረሰኞችን ማመሳከር ነበር። እሳቸው አጎዛው ላይ ተቀምጠው አንድ በአንድ ያነባሉ፤ እኔ የየትኛው እርሻ እንደሆነ እናገራለሁ። አንዱ ላይ ስንደርስ አስቆምኳቸው። የወንዝ ዳሩ እርሻ ግብር ነበር፤ ያ እርሻ ደግሞ በርስት ክርክር ለአጎታቸው ልጅ ከተፈረደ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር።

«ገብሱን እሱ ይበላል፣ ግብሩን እኛ እንከፍላለን» አልኳቸው።

«ዘመድ መጦር ጽድቅ ነው» ብለው ሳቁ። «ለገበያ ሞላሌ ስሄድ አሰርዘዋለሁ።»

ገበያው ሳይደርስ ታመሙ፤ በሳምንታቸውም አረፉ።

ሁለት ዓመት ዝም ብዬ ከፈልኩ። ውርጭ ገብሱን በመታበት ዓመት ግን ለልጆቹ እህል መግዣ ስላጣሁ ደረሰኙን ይዤ ሞላሌ ሄድኩ። የግብር ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ አየና «እናቴ፣ ይህ እኮ በባለቤትዎ ስም ነው፤ ራሳቸው ይምጡ» አለኝ።

መርዶውን ለዘመድ ሁሉ ያደረሱት ጎረቤቶቼ ናቸው። እኔ በአንደበቴ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ነገሩን ትቼ ልመለስ አሰብኩ፤ ልጆቹ ትዝ አሉኝና ቆምኩ።

«ሞተዋል» አልኩት።

«ነፍስ ይማር» አለና በቀይ ቀለም ስማቸው ላይ መስመር አሰመረ። መዝገቡን እስኪያጥፈው ድረስ ስማቸውን አየሁት።

አሁን ግብር የምከፍለው ለማሳርሰው መሬት ብቻ ነው። ደረሰኝ ሲሰጡኝ የየትኛው እርሻ እንደሆነ እስካረጋግጥ እዚያው ቆሜ አነበዋለሁ።