በስኳር ሰልፍ ላይ ያስቀመጥኳት ድንጋይ

የበደሉኝ የገዛ አክስቴ ናቸው፤ በደርግ ጊዜ፣ ልጄ ክርስትና ሊነሳ ሁለት ቀን ሲቀረው። ሃያ ሁለት አካባቢ በነበረው የቀበሌ ሱቅ ስኳር መጣ ሲባል ወረፋዬን በድንጋይ ይዤ፣ ሕፃኑን አጥብቼ እስክመለስ እንዲጠብቁልኝ አደራ አልኳቸው። ስመለስ ጀርባቸውን ለሰልፉ ሰጥተው፣ ልጇ ዘምቶ ደብዳቤው የተቋረጠባትን ጎረቤታችንን ዓይን ዓይኗን እያዩ ያዳምጣሉ። ድንጋዬ ቦይ ውስጥ ተጥላለች፤ ስኳሩም አልቋል።

«እትዬ፣ ድንጋዬስ?»

«ሰው እያወራኝ ድንጋይ ልይ?»

«በጆሮዎ እየሰሙ በዓይንዎ መጠበቅ አቃተዎት?»

«ግማሽ ሰው ሆኜ ልስማት? ይልቅ ቁጭ በይ፣ አልጨረሰችም።»

የክርስትናው ዕለት እንግዶቼ ከረሜላ እየላሱ መራራ ሻይ ጠጡ። አማቴ ዓመቱን ሙሉ ይህንኑ አነሱብኝ። እኔም አክስቴን እስኪሞቱ ድረስ ይቅር አላልኳቸውም።

በአርባቸው ዕለት ያቺው ጎረቤት መጣች። በረንዳው ላይ አክስቴ ተቀምጠው ያዳምጧት የነበረበትን ባዶ ዱካ አይታ ቆመች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ያልተመለሰውን ልጇን ታሪክ ከመጀመሪያው ጀመረችው። ታሪኩን በቃሌ አውቀዋለሁ። ጓዳ ውስጥም ሥራ ይጠብቀኛል።

ዱካው ላይ ተቀመጥኩ። ፊቴን ወደ እሷ አዞርኩና እስክትጨርስ ሰማኋት።