አሥራ ሁለት ቀዳዳ እስከ ቅዳሜ

ባለቤቴ ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ተደርጋ አዲስ አበባ ልጃችን ቤት ስታገግም በስልክ የነገረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ደረጃው ላይ የምይዘው ነገር ከሌለ አልመጣም። እዚሁ እቀመጣለሁ።"

ልጃችን ከጎኗ ሆና "እሰይ፣ ትቀመጥ" ስትል ሰማኋት።

እንግዲህ ይህ የተነገረው አርባ ዓመት አናጢ ለነበረ ሰው ነው። ከአዳማ እስከ ላንጋኖ የሰው በር ሰቅያለሁ፣ የሰው ቁም ሣጥን ገጥሜያለሁ፣ የሰው ደረጃ ላይ መደገፊያ ተክያለሁ። የራሴን ቤት ስድስት የሲሚንቶ ደረጃ ግን ራቁቱን ትቼዋለሁ። ቤታችን ተዳፋት ላይ ስለሆነ ከግቢ ወደ በረንዳ ለመውጣት ሌላ መንገድ የለም። ባለቤቴ መደገፊያ ስትጠይቀኝ መልሴ "ነገ" ነበር። አናጢ ለራሱ ቤት "ነገ" ሲል የትኛውን ነገ ማለቱ እንደሆነ እሱም አያውቀውም።

የዚያን ቀን ግን ስልኩን እንደዘጋሁ ወደ በያጁ ሄድኩ። በሳምንቱ ከቱቦ ቆንጆ መደገፊያ ሠራልኝ። ሦስት እግር አለው፤ በእያንዳንዱ እግር ሥር አራት ቀዳዳ ያለው ጠፍጣፋ ብረት ተበይዷል። የቀረው የእኔ ድርሻ ነው፤ ሲሚንቶው ላይ አሥራ ሁለት ቀዳዳ መብሳትና በብሎን ማሰር። አማቼ፣ የልጄ ባል፣ ቅዳሜ በመኪናው ሊያመጣት ተስማማ። ነገር ግን መደገፊያው ከተነቃነቀ ከመኪናው ሳያወርዳት ይዟት ሊመለስ ከልጄ ጋር ተማክሯል። ይህን የነገረችኝ ልጄ ናት፤ ደስ እያላት።

አሥራ ሁለት ቀዳዳ ለእኔ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። መብሻ ማሽን፣ ትራፓኖ፣ አለኛ።

ስለ ትራፓኖዬ ትንሽ ልናገር። ክብደቱ የአንድ ዓመት ሕፃን ያህላል፣ ጩኸቱም እንደዚያው። ስገዛው ጢሜ ጥቁር ነበር። ከዚያ ወዲህ የለወጥኩለት ሞተሩ ውስጥ እየተበላ የሚያልቀውን ካርቦኑን ብቻ ነው፤ እኔ ግን ጥርስም መነጽርም ለውጫለሁ። ገመዱ ላይ አራት ቦታ ፕላስተር ተጠምጥሟል። አንደኛው ቡልቡላ ላይ አንድ ሱቅ ስሠራ ፍየል ያኘከችው ነው። ፍየሏ ምንም አልሆነችም፤ ደግነቱ መብራት አልነበረም። የቀሩትን ሦስቱንም ፍየሏ ላይ ማላከክ እችል ነበር፤ ግን በራሴ መጋዝ የቆረጥኳቸው እኔው ነኝ።

አማቼ ዱከም ፋብሪካ ውስጥ ነው የሚሠራው። አምና ለፋሲካ ሲመጣ ባለ ባትሪ ትራፓኖ በካርቶን ይዞልኝ መጣ።

"አባባ፣ ይኼ ገመድ የለውም። የትም ይዘውት ይሄዳሉ።"

"የት ልሄድ?" አልኩት።

አመሰግናለሁ ማለቴንማ ብያለሁ። በልቤ ግን ናቅሁት። አነሳሁት፤ ቀለለኝ። ለእኔ ዕቃ ሲቀል ውሸት ይመስለኛል። ደግሞም ዕቃው ደኅና ሆኖ ሳለ ባትሪው ቀድሞ እንደሚያረጅ፣ ሌላ ልግዛ ሲሉ የባትሪው ዋጋ ከዋናው ዕቃ ብዙም እንደማይርቅ ከሙያ ጓደኞቼ ሰምቻለሁ። ባለ ገመዱ ሶኬት እስካለ ድረስ አያረጅም፤ ያለ ሶኬት ደግሞ ምንም ነው። ያኔ ይህን ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር አላሰብኩትም።

ስጦታ ግን ስጦታ ነውና የከበረ ቦታ ሰጠሁት። ቡፌ ውስጥ፣ ለእንግዳ ብቻ ከሚወጡት ብርጭቆዎችና ከሰርጋችን ፎቶ መካከል አስቀመጥኩት። እንግዳ በመጣ ቁጥር ያየዋል፤ እኔም "አማቼ ነው" እላለሁ። ከዓመት በላይ አንዲት ብሎን ሳያጠብቅ ተከብሮ ኖረ። ባለቤቴ ብርጭቆዎቹን ስትወለውል እሱንም ትወለውለዋለች። አንድ ቀን "እኔን እንዲህ አድርገህ አስቀምጠኸኝ አታውቅም" ብላኛለች።

ረቡዕ ጠዋት መደገፊያውን ደረጃው ላይ አቁሜ፣ ቀዳዳዎቹን በእርሳስ ምልክት አድርጌ፣ ትራፓኖዬን ሰክቼ ምላጩን ሳብኩ። ዝም አለ። ካርቦኑ ነው ብዬ ፈታሁት። ካርቦኑ ደኅና ነው። መልሼ ገጠምኩት። አሁንም ዝም። ይኼኔ ጎረቤቴ ከአጥር ማዶ ብቅ አለ። ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ ነው፤ ዕድሜያችን እኩል ነው፤ እሱ ግን እኔ እንደምበልጠው ይናገራል።

"አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ፣ ኦቦ አናጢ? ምን እየፈታህ ነው?"

"ትራፓኖዬ እንቢ አለኝ።"

"መብራት እኮ የለም። ትራንስፎርመሩ ሌሊት ተቃጥሏል። ስትፈታው ዝም ያልኩህ ሥራ ያገኘህ መስሎኝ ነው።"

መብራት ኃይሎች መጥተው ምሰሶው ላይ ወጡ፣ ወረዱ፣ ሌላ ትራንስፎርመር እስኪመጣ ጠብቁ ብለው ሄዱ። መቼ ይመጣል ብለን ስንጠይቅ ነገ አሉ። ቃሉን ስለማውቀው ደነገጥኩ።

ከኮብልስቶኑ መንገድ ማዶ ያለው ሰፈር ግን በሌላ መስመር ነው። እዚያ ፀጉር ቤቱ ሙዚቃ ይለቃል፤ ፍሪጁ ይሠራል፤ እኛ ቆመን እናያለን። ሐሙስ ጠዋት "እናመጣዋለን" አልኩ። ከየጎረቤቱ ኤክስቴንሽን ለመንኩ፤ አምስት ተገኘ። አንዱን ካንዱ እየሰካሁ ከፀጉር ቤቱ ጀምሬ፣ መንገዱን አቋርጬ፣ በጎረቤቴ ግቢ አሳልፌ ደረጃዬ ሥር አደረስኩት። ጎረቤቴ መንገዱ ዳር ቆሞ ገመዱን በረዥም የመጥረጊያ እንጨት ወደ ላይ ከፍ ያደርጋል፤ ባጃጆች በሥሩ ያልፋሉ። አንዱ ባጃጅ ነጂ አንገቱን አውጥቶ "አባባ፣ ኬላ ነው እንዴ?" ሲለው ሰማሁ።

"ኬላ አይደለም፤ የልማት ሥራ ነው" አለው ጎረቤቴ።

ምላጩን ሳብኩ። ትራፓኖው ዞረ። ግን እንደኔ ዞረ፤ እያቃሰተ፣ ቆም እያለ፣ ምን ፈልጌ ነበር የተነሳሁት እንደሚል ሰው። የሚበሳው ብረት፣ ፑንታው፣ ሲሚንቶውን ከማሻሸት በቀር አንድ ጥፍር ያህል አልገባም። ቀጭን ገመድ ሲረዝም ኃይሉ መንገድ ላይ እንደሚያልቅ አውቃለሁ። ላንጋኖ የአንድ ሎጅ በሮች ስንሰቅል ጀነሬተሩን ሩቅ ያቆሙ ልጆችን በዚሁ ነገር ግማሽ ቀን ተቆጥቻለሁ። ምክሬ ለሰው ነበር።

ጎረቤቴ እንጨቱን እንደያዘ ከመንገድ ጮኸ። "ገባ?"

"አልገባም።"

"መብራቱ እዚህ ሲደርስ ደክሞት ይሆናል። ውሃ ስጠው። እኛ ባቡር ድሬዳዋ ድረስ አድርሰናል፤ አንተ መብራት መንገድ ማሻገር አቃተህ?"

ሦስተኛው ኤክስቴንሽን ላይ ፕላስቲክ መሽተት ሲጀምር ሁሉንም ነቅዬ ለየባለቤቱ መለስኩ። ከዚያ ገብቼ ቡፌውን ከፈትኩ።

ባለ ባትሪው ምላጩ ሲሳብ ጭራሽ ትንፍሽ አላለም። ለአማቼ ደወልኩ።

"ባትሪውን ስንት ጊዜ ሞልተውታል?" አለኝ።

"እስካሁን አላስፈለገውም።"

"እንዴት?"

"ሥራ ስላልነበረው።"

"አባባ፣ የት ነው ያስቀመጡት?"

"ቡፌ ውስጥ።"

"ቡፌ ውስጥ?"

"ከብርጭቆዎቹ ጋር። ለክብር።"

ፋብሪካው ውስጥ አንድ ነገር ሲንኳኳ ይሰማኛል። ሳቁን ሊሸፍን ከስልኩ ፊቱን ያዞረ መሰለኝ። "ሥራ ባይኖረውም አልፎ አልፎ መሙላት ነበረብዎት። ይሞክሩት፣ ምናልባት ይይዛል" አለኝ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እንነሳለን። ካልደረሰ ይንገሩኝና እማማን አላንገላታት። እዚህ ብትቆይም እኛ ደስ ይለናል።"

በደግነት ነው ያለው። እኔን ያስፈራኝም ደግነቱ ነው። ባለቤቴ እዚያ አንድ ሳምንት ተቀመጠች ማለት ክረምቱን ተቀመጠች ማለት ነው፤ የልጅ ልጆቹ አይለቋትም። እኔም ብቻዬን ከቡፌው ጋር ልፋጠጥ ነው።

ባትሪውንና ቻርጀሩን ይዤ ወደ ፀጉር ቤቱ ተሻገርኩ። ፀጉር አስተካካዩ ከማሽኑ ጎን ያለውን ሶኬት ሰጠኝ። የሚጠብቅበት ወንበር ግን አንድ ነው፤ እሱም የመላጫው ወንበር።

"እንዲሁ ከሚቀመጡ ላስተካክልዎት" አለኝ።

"ምኑን?" አልኩት፤ ራሴን እያሳየሁ።

"ያለውን።"

ባትሪው ያዘ። ዓርብ ጠዋት ደረጃው ላይ ተቀምጬ በመጀመሪያው ምልክት ላይ ፑንታውን አቆምኩ። እውነቱን ልናገር፤ ሲሚንቶ ላይ እንደ አሮጌው አይደለም። ቀስ ይላል። ጠጠር ሲያጋጥመው ያማርራል። ሲግል ራሱ ያቆማል፤ እስኪበርድ ምላጩን ብትስብም አይሰማህም። ይህን ብልሃት በወጣትነቴ ባውቀው ኖሮ ወገቤ ዛሬ ሌላ ነበር። ግን ይበሳል። ደግሞ ይቀላል፤ አንዱ እጄ ተርፎኝ መደገፊያውን ይዞልኛል። በደህና ጊዜ እንዲህ ያለውን ሥራ ሁለት ሰው ይሠራው ነበር።

ጎረቤቴ የመጀመሪያውን ደረጃ ወንበር አድርጎ ያየኛል። "ምን እያባረርክ ነው?" አለኝ።

"ምን አባረርኩ?"

"በየጊዜው እጅህን ወደ ኋላ ታወናጭፋለህ። ዝንብ የለም።"

ለካ ከአንዱ ምልክት ወደ ሌላው በሄድኩ ቁጥር የሌለውን ገመድ ከእግሬ ሥር አንስቼ ወደ ኋላ እወረውራለሁ። እጄ አርባ ዓመት የለመደውን እንዴት ይረሳል።

አንድ ሙሌት ሦስት ቀዳዳ በሳ። ወደ ፀጉር ቤቱ። ሁለተኛው ሙሌት አራት። ወደ ፀጉር ቤቱ። አማቼ ሁለት ባትሪ ያለውን ቢያመጣልኝ ብዬ አማሁት፤ ሁለቱንም ቡፌ ውስጥ እንደማስቀምጣቸው ትዝ ሲለኝ ሐሜቱን ተውኩት። ፀጉር አስተካካዩ በመጀመሪያው ቀን ፀጉሬን፣ በሁለተኛው ጉዞ ጢሜን አነሳልኝ። በሦስተኛው የሚነሳ ነገር ስላልነበረ ፊቴን በሎሽን አሸልኝ። ዓርብ ማታ ፀጉር ቤቱ ሲዘጋ አሥር ቀዳዳ ተበስቷል። የቀሩት ሁለቱ የላይኛው እግር ናቸው፤ በረንዳው ላይ ስትደርስ መጨረሻ የምትይዘው።

ቅዳሜ ጠዋት ያልሞላውን ባትሪ ይዤ በሬ ላይ ቆሜ ፀጉር ቤቱ እስኪከፈት ስጠብቅ ጎረቤቴ "መብራት መጣ" አለ። የበረንዳዬ አምፖል በርቷል። የቃል ሰዎች ናቸው፤ ነገያቸው ሦስት ቀን ብቻ ፈጀ። አሮጌውን ትራፓኖ ሰካሁት። እነዚያን ሁለት ቀዳዳዎች ሲበሳ ጎረቤቴ የጠየቀኝን እንኳ መልሼ አልጨረስኩም። ሲሚንቶ የእሱ ነው። ይህን ማንም አይወስድበትም፤ መብራት ካለ። መብራት ከሌለ ግን ያ ሁሉ ጉልበት የበር ማስደገፊያ ነው። አሁን አንድ ሰው የትኛውን ልግዛ ቢለኝ፣ አንተ ቤት መብራት በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል ብዬ እጠይቀዋለሁ እንጂ በአንዱ አልምልም።

ብሎኖቹን በቁልፍ አጥብቄ ስጨርስ የመኪና ጡሩምባ ሰማሁ።

አማቼ ቀድሞ ወረደ። ሰላም ብሎኝ መደገፊያውን በሁለት እጁ ይዞ ወዘወዘው፤ እንደ ፋብሪካ ሰው፣ ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች። መደገፊያው ንቅንቅ አላለም። ባለቤቴ በመኪናው መስኮት ታየዋለች።

"አንተ ልቀቀው። የምይዘው እኔ ነኝ" አለችው።

ከዘራዋን ይዛ ወረደች። እኔን ከላይ እስከ ታች አየችኝና "ራስህን ምን ሆነህ ነው?" አለች።

"ባትሪ እየሞላሁ ነበር።"

ይህን ማብራሪያ እንደ በቂ ቆጥራ አለፈችው፤ ከእኔ ጋር ብዙ ኖራለች። ከዘራዋን ለአማቼ ሰጠችው። ግራ እጇን ቱቦው ላይ አሳረፈች። አንድ ደረጃ ወጣች። ሁለት። እኔ ከኋላዋ ነኝ፤ ሁለት እጄን ዘርግቼ፣ ዶሮ ሊይዝ እንደተዘጋጀ ሰው ጎንበስ ብያለሁ። ሦስት። አራተኛው ላይ ቆመች። ኦፕራሲዮን ያልተደረገውን እግሯን አንስታ፣ ክብደቷን በሙሉ ቱቦው ላይ ጣለችው፤ አውቃ። ቱቦው ዝም አለ።

"እጅህን አውርድ" አለችኝ፤ ሳትዞር።

አወረድኩ። እሷም የቀሩትን ሁለቱን ወጣች።