ያልጠየቅኋት ተማሪ

ቁጡ መምህር ነኝ። ወልድያ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የተፈጥሮ ሀብት ትምህርት ማስተማር ከጀመርኩ ዓመታት ቆጥሬያለሁ፤ ድሮ ከጓደኛው የገለበጠውን ተማሪ ዓይኑን አይቼ እለየው ነበር። ኤአይ የሚሉት ነገር የተማሪዎቼ ስልክ ውስጥ ከገባ ወዲህ ግን ያ ችሎታዬ ከንቱ ቀረ። አንድ ዓረፍተ ነገር አስተካክሎ መጻፍ የሚያቅተው ልጅ እንከን የማይወጣለት እንግሊዝኛ ይዞልኝ ይመጣል። ሳነበው ደሜ ይፈላል።

በመምህራን ክበብ ሻይ ስንጠጣም ወሬያችን ይኸው ነው። አንዱ ባልደረባዬ «መከልከል ነው እንጂ!» ሲል ሌላው «አንተ ራስህ የፈተና ጥያቄ የምታወጣው በሱ አይደል?» ብሎ ያሾፍበታል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ያለፈው ሴሚስተር የምርጫ ጥያቄዎቼ ከዚያው እንደመጡ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ምን ይፈቀዳል፣ ምን ይከለከላል የሚል መመሪያ ስላልነበረን ሁላችንም እንደየጠባያችን እንፈርድ ነበር። የኔን ጠባይ ደግሞ ነግሬያችኋለሁ።

አምና ለተመራቂ ተማሪዎች በየአካባቢያቸው ገበሬው የመስኖ ውኃ እንዴት እንደሚካፈል ጠይቀው እንዲጽፉ አዘዝኩ። ከመርሳ ወጣ ካለ የሐብሩ ገጠር የመጣች፣ ክፍል ውስጥ ድምጿ የማይሰማ አንዲት ተማሪ ስምንት ገጽ አመጣች። አባቷ የውኃ አባት ናቸው፤ ገበሬው መርጧቸው የመስኖውን ተራ ያከፋፍላሉ፣ በውኃ የተጣላውንም ይዳኛሉ። ውኃ ባነሰ ዓመት የውኃ አባቱ ማሳ ከሁሉ መጨረሻ እንደሚጠጣ ጽፋለች። እንግሊዝኛው ጥርት ያለ ነው። ታሪኩም ለማመን ከልክ በላይ አምሮ ታየኝ፤ ቁልፉ በእጁ የሆነ ሰው መጨረሻ ይጠጣል?

ያኔ ያደረግኩትን ስናገር አሁንም አፍራለሁ። ጽሑፏን ገልብጬ ለኤአዩ ሰጠሁትና «ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?» ብዬ ጠየቅኩት። «አዎ፣ የኔ አጻጻፍ ይመስላል» አለኝ። ኤፍ ሰጠኋት። ኤፍ ማለት ከጓደኞቿ ጋር አትመረቅም ማለት ነው።

በማግሥቱ ቢሮዬ መጣች።

«መምህር፣ ስለ ጻፍኩት የፈለጉትን ይጠይቁኝ» አለች።

«የምጠይቀውን ጠይቄ ጨርሻለሁ» ብዬ በሩን አሳየኋት።

በሳምንቱ ጧት ሦስት ሽማግሌዎች የቢሮዬ በር ላይ ቆመው አገኘሁ። መሐል ያሉት አባቷ ናቸው። እሷ ከኋላቸው መሬት መሬት ታያለች። ግቡና ተቀመጡ ብላቸው ትልቁ ሽማግሌ «ምሕረት ሳናገኝማ አንቀመጥም» አሉኝ። በኛ አገር ሽማግሌ የሚላከው ለልመና ነው፤ ከመምህር ጋር መከራከር ነውር ነው። አባቷ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡና «ልጅ ናት፣ አጥፍታለች። ስለ እግዚአብሔር ብለው ይማሩልኝ» አሉ። እሷ ቀና ብላ «አባዬ…» ስትል በእጃቸው ምልክት ዝም አሰኟት።

እውነቱን ልናገርና፣ ደስ አለኝ። አባቷ ካመኑ ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል አልኩ በልቤ። ምሬያታለሁ አልኳቸው፤ ተቀመጡ፣ መረቁኝ። ሥራውን እንደገና ትጽፋለች፤ ግን እፊቴ፣ በእስክርቢቶ፣ ስልኳን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ።

ሰኞ መጥታ ቀና ሳትል ጻፈች። ሳነበው ያው ጽሑፍ ነው፤ እዚህም እዚያም የፊደል ግድፈት ብቻ ተጨምሮበታል። መጀመሪያው ላይ ያልነበረም ነገር አለ፤ ድርቅ በነበረበት ዓመት የጎረቤቱ ሽንኩርት ለምልሞ የነሱ ማሳ ሲደርቅ እናቷ አባቷን ለሁለት ሳምንት አኩርፈዋቸው ነበር። ይህን ማንም ማሽን አይነግራትም።

«የመጀመሪያውንም አንቺው ነሽ የጻፍሽው?»

«እኔ ነኝ። ፊደሉን ብቻ ነው በስልኬ ያሳረምኩት። ያን ለት ልነግርዎት ነበር የመጣሁት።»

ፊደል ማሳረም ይፈቀድ አይፈቀድ እኔም ተናግሬ አላውቅም። እሷ ስትወጣ፣ ኤአይ የሚባል ነገር ወሬውም ሳይሰማ የጻፍኩትን የማስተርስ ጽሑፌን አንድ ገጽ ለዚያው ኤአይ ሰጥቼ ያንኑ ጥያቄ ጠየቅኩት። «አዎ፣ የኔ አጻጻፍ ይመስላል» አለኝ።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባላል፤ ሥሩ ከፊቴ ቆሞ «ይጠይቁኝ» ሲለኝ ነው ያባረርኩት። ውጤቷን አስተካከልኩ፣ ተመረቀች። አሁን በኤአይ የተጠቀመ ሁሉ ለምን እንደተጠቀመ ወረቀቱ ላይ ይጽፋል፤ ከዚያ አንድ በአንድ አጠገቤ ተቀምጠው የጻፉትን በአማርኛ ይነግሩኛል። ተማሪው ብዙ ነው፣ ጉሮሮዬ እስኪነቃ እጠይቃለሁ። ባልደረቦቼ «ንስሐ አባት ሆንክ» ብለው ይስቁብኛል። ይሳቁ።

አባቷን ግን ሳላገኛቸው ክረምቱ አለፈ። በጥቅምት በሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ሲሪንቃን አልፌ መርሳ ወረድኩ፤ ከዚያ በእግሬ እሳቸው ዘንድ ሄድኩ። ከገበሬዎች ጋር ደለል የሞላውን ቦይ ሲጠርጉ አገኘኋቸው። አካፋቸውን ተደግፈው ሰሙኝ።

«ልጅዎ አላጠፋችም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ስድብ ጠብቄ ነበር፤ ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

«ያን ለት መንገዱን ሙሉ ‹አባዬ፣ እኔው ነኝ የጻፍኩት› እያለች ነው የመጣች» አሉ። «እኔ ‹ዝም በይ፣ መምህር በከንቱ አይናገርም› አልኋት። ከተመረቀች ወዲህ ቤት አልመጣችም። ለቅዱስ ዮሐንስም አልመጣች። አንቱ ይንገሩልኝ እስቲ፤ ያንቱን ትሰማለች።»

እሺ አልኳቸው። ልጅቷ ወልድያ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥራለች። እሳቸው ዘንድ ከመሄዴ ከሳምንት በፊት ገብቼ ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት፣ ቀና ሳትል «ስንት ኮፒ ነው?» እንዳለችኝ ልነግራቸው አልደፈርኩም።