መግቢያ አላነብም

ሰው ጓደኛውን በርስት ወይም በሴት ይጣላል ሲባል ሰምቻለሁ። እኔ ግን በአንድ የሳይንስ ልብ ወለድ መጽሐፍ ምክንያት የልብ ወዳጄን ሦስት ዓመት ሙሉ አጣሁት። ያውም ጥፋቱ የኔ ነበር።

ሥራዬ ሬዲዮና ቴፕ መጠገን ነው፤ ሱቄ ሐረር፣ ኤረር በር አጠገብ ናት። ይህ ሥራ ሰውን ተጠራጣሪ ያደርጋል። ደንበኛ ሬዲዮውን ይዞ ይመጣና «ምንም አልነካሁትም፣ ዝም ብሎ ጠፋ» ይላል። ስከፍተው ውስጡ ሻይ ተደፍቶበታል። እንዲህ ስኖር መጽሐፍንም እንደ ደንበኛ ማየት ጀመርኩ።

ወዳጄ ጀጎል ውስጥ የሚኖር የጨርቅ ነጋዴ ነው። ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ በሄደ ቁጥር ከጨርቁ ጥቅል መሃል አንድ ሁለት የሳይንስ ልብ ወለድ ሸጉጦ ይመለሳል። እሱ የተጻፈውን ሁሉ ያምናል። እኔ ምንም አላምንም። አንዱ መጽሐፍ ማርስ ላይ ስለተቆረቆረች ከተማ ነበር። ሁለት መቶ ገጽ ሙሉ አንድ ሰው እንኳ ጀሪካን ይዞ አልተሰለፈም። እኛ ሐረር ላይ ቧንቧው ደርቆ የውኃ ቦቴ በምንጠብቅበት ዓመት እነሱ ማርስ ላይ ጠዋት ማታ ገላቸውን ይታጠባሉ።

«ከየት አመጡት?» አልኩት።

«ወላሂ ይሆናል! አላህ ካለ ምን የማይሆን አለ?» አለኝ።

ሌላው በጊዜ ማሽን አምስት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ስለሄደ ሰው ነበር። ገና ከማሽኑ ሲወርድ ያገኘው ሰው ሁሉ ቋንቋው ይገባዋል። እዚህ ጀጎል በአንዱ በር ገብተህ በሌላው እስክትወጣ ስንት ቋንቋ ትሰማለህ! ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ግን ማሽኖቻቸው አለመበላሸታቸው ነው። ፊውዝ አይቃጠልም፤ መለዋወጫ ፍለጋ ድሬዳዋ የሚወርድ የለም። ጠጋኝ በሌለበት ዓለም ጸሐፊው የደበቀው ነገር አለ ማለት ነው።

አንድ ደንብ ነበረን። መጽሐፉን መጀመሪያ እሱ ያነባል፣ ቀጥሎ እኔ፤ ሁለታችንም ግን የመጨረሻውን ምዕራፍ አንነካም። እሱን ምዕራፍ ጁምዓ ከሶላት በኋላ፣ እሱ ቤት ምንጣፍ በተነጠፈበት መደብ፣ ነደባው ላይ ተደግፈን፣ ጫታችንን ይዘን፣ አንዳችን ጮክ ብለን ለሌላው እናነባለን። ከሳምንቱ ቀን ሁሉ የምወደው ያን ከሰዓት ነበር።

በመጨረሻ ጠጋኝ ያለበት መጽሐፍ አመጣ። አርባ ሰዎች በጠፈር መርከብ ወደ ሩቅ ኮከብ ሲጓዙ አየር የሚሰጣቸው ማሽን ይቆማል። የመርከቧ ጠጋኝ ቀን ከሌት ይለፋል። ወዳጄ ቀድሞ አነበበና ጠጋኙን ወደደው። እኔ ገና ግማሹ ላይ ስደርስ ሱቁ ሄጄ «ማሽኑን የሰበረው ራሱ ነው» አልኩት።

«አንተ ሰው! እንዳንተ ያለውን ምስኪን ትጠረጥራለህ?»

«እንደኔ ስለሆነ ነዋ።»

በዚያ ሳምንት ትዕግሥት አጣሁ። እውነቱን ልናገር፣ ደንቡን አፍርሼ መጨረሻውን ልሰርቅ ወደ ኋላ ገለጥኩ። የለም። መጽሐፉ ጠጋኙ በሩን ሲዘጋ ያበቃል። ወዳጄ አውቆ ቀደደው አልኩ፤ አንብቦ እንደተሸነፈ ሲያውቅ ደበቀው። ወዲያው ሱቁ ሄጄ ሰው ባለበት «መጨረሻውን አምጣ» አልኩት።

«ሙሉ ነው። ገጹ ተገነጣጥሎ ነበር፣ አስጠርዤዋለሁ። ወላሂ ሙሉ ነው።»

«በወላሂ አትሸፍነው» አልኩት።

ጨርቁን መለካት ተወ። «ለመሆኑ መጨረሻው አለመኖሩን አንተ እንዴት አወቅክ?» አለኝ።

እንደተያዘ ሌባ ጮህኩና ወጣሁ። ሰላምታ ቀረ። ጁምዓ ከሰዓት ሱቄን ከፍቼ መዋል ጀመርኩ። መጽሐፉንም አልመለስኩለትም።

ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ባለቤቴ ያንኑ መጽሐፍ አንስታ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች። «ይሄ ነገር ከመጨረሻው ነው እንዴ የሚጀምረው?» አለችኝ።

ተቀብያት አየሁ። ሽፋኑ ሲገለጥ የመጀመሪያው ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ይላል። የመጨረሻው ምዕራፍ ከነሙሉ ገጹ ከፊት ተሰፍቷል። እኔ መግቢያ አላነብም። መግቢያ የጸሐፊው ወዳጅ ጸሐፊውን የሚያሞግስበት ነው ብዬ ስለማምን፣ «ምዕራፍ አንድ» የሚለውን እስካገኝ ያለውን ሁሉ በአውራ ጣቴ ጠቅልዬ አልፋለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ እጄ ላይ ነበር።

ወዳጄ ወደሚያስጠርዝባቸው ጠራዥ ሄድኩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁርኣንና ኪታብ ሲጠርዙ የኖሩ አዛውንት ናቸው፤ የአማርኛ ፊደል አይለዩም።

«አባባ፣ ይህን እርስዎ ነዎት የሰፉት?»

አገላብጠው አዩትና «አዎን። ይሄ የተገነጠለው መጨረሻው ነው፣ መጨረሻው ላይ ይስፉልኝ አለኝ ሰውየው። ሰፋሁለት» አሉ። እጃቸውን ያሳረፉት በፊተኛው ሽፋን ላይ ነበር። የዐረብኛ ኪታብ ከቀኝ ይጀምራል፤ የሚያልቀው የኛ መጽሐፍ በሚጀምርበት በኩል ነው። ምን ልበላቸው? አመስግኜ ወጣሁ። አፍሬ ነበር።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ በሩን አንኳኳሁ። ራሱ ከፈተ። ሰላምታዬን መለሰና በሩን ይዞ ቆመ። ያገኘሁትን፣ ደንቡን ማፍረሴንም ጭምር፣ አንድ ሳላስቀር ነገርኩት።

«አፉ በለኝ» አልኩት።

«አፉ ብያለሁ። ግባ» አለኝ።

ነደባው ላይ ወጣን። እሱ መጨረሻውን አላነበበም ነበር፤ ሲገነጠልም ጠቅልሎ ለጠራዡ ሰጠው እንጂ አላየውም። እኔም ካገኘሁት ወዲህ አላነበብኩትም። ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ከጥቂት ገጽ በኋላ የምጠብቀው መጣ፤ ማሽኑን የሰበረው ጠጋኙ ራሱ ነበር። ልክ ነበርኩ። ግን ደስ አላለኝም።

ወዳጄ እጁን ዘረጋ።

«እስቲ አምጣው፣ ራሴ ልየው» አለኝ።

አብረን ባነበብንባቸው ዓመታት እንዲህ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ሰጠሁት። መነጽሩን አደረገ፣ ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ፣ አንድ በአንድ እያየ አነበበው።