የሟቹ ምስክር እጅ

የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ደብዳቤ የደረሰው ማክሰኞ ጠዋት፣ መዝገብ ቤቱ ገና ተጠርጎ ሳያልቅ ነው። ሥራ ከጀመረች ስድስት ወር ያልሞላት ወጣቷ የችሎት ጸሐፊ ፖስታውን ከፍታ አነበበች።

«ምስክሩ ተከሳሹን ያየው ‘ከዚህ እስከዚያ’ በሚሆን ርቀት መሆኑን ተናግሯል። ርቀቱ ምን ያህል እንደሆነ ግልባጩ አያሳይም። ምስክሩ ዳግም ቀርቦ ያስረዳ።»

ምስክሩ ከሞተ ሁለት ወሩ ነበር። በእሱ ቃል ብቻ አንድ የመጋዘን ዘበኛ ሰው ደብድበሃል ተብሎ ስምንት ዓመት ተፈርዶበታል። ከችሎቱ የእጅ ረቂቅ ግልባጩን የተየበችው ደግሞ እሷው ናት።

«እትዬ፣ ጉድ ሆንኩልዎ!» አለች፣ ወደ ዋናዋ ጸሐፊ ጠረጴዛ እየሮጠች።

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አደረጉ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ዳኛ ሲሾምና ሲሻር እሳቸው ከዚያች ጠረጴዛ ንቅንቅ አላሉም። ጠበቆች «እትዬ መዝገብ» ይሏቸዋል። አንዱ ቀልደኛ «እትዬ መዝገብ ያልሰሙት ነገር እንዳልተባለ ይቆጠራል» ሲላቸው፣ «አንተ ባትናገረው ይሻልህ የነበረውንም ሰምቼብሃለሁ» ብለው አፉን አስይዘውታል።

ደብዳቤውን አንብበው «ረቂቁን አምጪ» አሏት።

በእጃቸው የጻፉት የችሎት ረቂቅ ከመደርደሪያው ወርዶ አቧራው ተራገፈ። ቃሉ እንዲህ ይላል፦ «ከዚህ እስከዚያ (ምስክሩ ከቆመበት ሳጥን፣ በሁለተኛው መስኮት አሻግሮ፣ የግቢውን የብረት በር በቀኝ እጁ አመለከተ)።»

ልጅቱ ፊቷ ጠቆረ። ያንን ቅንፍ ከግልባጩ ያስቀረችው ራሷ ናት። ሰውዬው በአፉ ያልተናገረውን ምን ብዬ እጽፋለሁ ብላ፣ ገጹም እንዲያምር አስባ ነው። ፈጣን ጣትና ንጹሕ ገጽ ተምራለች። እጅም እንደሚመሰክር የነገራት አልነበረም።

«አፍ ብቻ ነው እንዴ የሚናገረው፣ ልጄ? ምስክሩ ዝም ካለ ‘ዝም አለ’ ብለሽ ጻፊ። ካለቀሰ ‘አለቀሰ’ በይ። ለምን እንዳለቀሰ ግን እንዳትነኪው፤ እሱ የዳኛው ድርሻ ነው።»

«ያባርሩኛል?»

«ከሥሩ ‘ከዋናው ጋር ተመሳክሯል’ ብሎ የፈረመው ማነው?»

ልጅቱ የግልባጩን ግርጌ አየች።

«እኔ ነኝ። የዚያን ቀን ዓይኔን አሞኝ ስለነበር አንቺን አምኜ ፈረምኩ። እምነት ለጓዳ እንጂ ለመዝገብ አይሆንም።»

ጡረታ ሊወጡ አራት ወር ቀርቷቸው ሳለ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው የሚል ማመልከቻ በገዛ እጃቸው ጽፈው ከረቂቁ ጋር ለዳኛው አስገቡ።

በማግስቱ ዳኛው ዐቃቤ ሕጉንና የዘበኛውን ጠበቃ አስጠርተው ርቀቱ እንዲለካ አዘዙ። ልጅቱ የሜትሩን ጫፍ ይዛ ከመመስከሪያው ሳጥን ተነሣች። ሜትሩ በመስኮቱ ወጣ፤ ሲያልቅ ምልክት እየተደረገ እንደገና እየተዘረጋ ግቢውን አቋርጦ ከብረቱ በር ደረሰ።

«ስልሳ አንድ ሜትር ተኩል» አለ ዐቃቤ ሕጉ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። ምስክሩ ዘበኛውን ያየሁት ያለው ደግሞ ከመሸ በኋላ፣ መብራት በሌለበት ነው።

ልጅቱ ከበሩ ሥር ቆማ ወደ ኋላ ዞረች። በጠራራ ፀሐይ እንኳ መስኮቱ ላይ የቆሙት እትዬ መልካቸው አይለይም። አፈር የበላው እጅ ዛሬ እዚህ ድረስ መርቷታል። ያንን እጅ ይዛ ያቆየችው ፍርድ የማትሰጥ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያያት እስክሪብቶ ናት። እኛ ሰዎች ነገራችንን ከነፋስ ጋር እንበትናለን፤ ከእግራችን ሥር ቁጭ ብሎ የሚለቅም ሰው ባይኖር እውነታችን ከእኛ ቀድሞ ይቀበር ነበር። ይህን ልጅቱ በቃል ልትለው አትችልም። ብቻ መስኮቱን ስታይ፣ ከትልቅ ተራራ ሥር እንደቆመ ሰው ድምፅ ማሰማት አሳፈራት።

በሦስተኛው ሳምንት ይግባኝ ሰሚው ዘበኛውን በነፃ አሰናበተው። ከእስር የሚፈታበት ትእዛዝ ከመዝገብ ቤቱ መውጣት ስለነበረበት፣ የዘበኛው እናት ከማለዳ ጀምረው የመስኮቱን ብረት ጨብጠው ቆመዋል።

«ዳኞቹ ነፃ ብለውት የለ? እናንተ ደግሞ ምን ታንጎራጉራላችሁ!» አሉ።

«እናቴ፣ የሚፈታው በዚህ ወረቀት ነው» አሉ እትዬ። «የመዝገቡ ቁጥር ቢዛነፍ ከእስር ቤቱ በር ይመልሱታል። ልጄ፣ ቀጥዪ። ቀስ እያልሽ።»

ልጅቱ ከዋናው ውሳኔ ጮክ ብላ ታነባለች፤ የእትዬ ጣት ግልባጩ ላይ ቃል በቃል ይከተላታል። ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም አለፉ።

«አላለቀም?» አሉ እናቲቱ፣ አሁን በለሆሳስ።

«አንድ መስመር ቀርቶናል፣ እናቴ» አለች ልጅቱ፣ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳትነቅል።