ቀፎ ውስጥ የከረመው መጽሐፍ

ልጅ ሳለሁ ጎሬ ከተማ ውስጥ ከኛ ቤት ጀርባ ጋሼ በላይነህ የሚባሉ የሰም ነጋዴ ነበሩ። እሑድ እሑድ አመሻሽ ላይ የሰፈሩን ልጆች ምድጃው ዳር ሰብስበው፣ ኩራዙን አስጠግተው፣ በእጅ ከተገለበጠ አንድ መጽሐፍ ያነቡልን ነበር። ማን እንደጻፈው እሳቸውም አያውቁም፤ ከጎሬ እስከ መቱ ብትጠይቁ ስለሱ የሰማ ሰው አልነበረም። ደመና ላይ ልጓም አግብታ እንደ በቅሎ የምትጋልብ ልጅ ታሪክ ነው። ደመናዋ ታዲያ በዘነበች ቁጥር ታንሳለች፣ ልጅቱ ደግሞ ከቤቷ ርቃለች። ያኔ ሰው ፊት ድምፄን ማሰማት ስለምፈራ፣ ጥያቄዬን በጋሼ ጆሮ ነበር የማንሾካሹከው።

«ቤቷ ሳትደርስ ደመናዋ ታልቃለች እንዴ?»

«እኔ ምን አውቄ? አንድ ገጽ እንኳ ቀድሜያችሁ አላነብም» ይሉኛል።

መጽሐፉን አይጥ እንዳይበላባቸው በፍየል ቆዳ ጠቅልለው፣ ጣሪያው ላይ በተንጠለጠለ ባዶ ቀፎ ውስጥ ነበር የሚያስቀምጡት። የመጨረሻው ምዕራፍ ሲቀረን፣ ቀፎዎቻቸውን ያዮ ጫካ ወስደው የሚሰቅሉላቸው ኦቦ ገመዳ ጋሼ በሌሉበት መጡና ያገኙትን ባዶ ቀፎ ሁሉ ጭነው ሄዱ። ጋሼ ነገሩን ሲሰሙ ቀፎው ተሰቅሎ ንቦች ገብተውበት ነበር። ከዚያ ሁሉ ዛፍ የትኛው እንደሆነ ማን ይለየው?

ሰባት ዓመት አለፈ። እኔም ትምህርት ቤት ገብቼ ማንበብ ቻልኩ፣ ግን ለራሴ ብቻ። አንድ ቀን ነፋስ ቅርንጫፍ ሰብሮ አንዱን ቀፎ ጣለውና ኦቦ ገመዳ በማርና በሰም የተለወሰ ጥቅል ይዘው ከች አሉ።

«እንኩ። ንቦቹ አንብበው ጨርሰዋል፣ የቀራችሁ እናንተ ናችሁ» አሉ እየሳቁ።

የተጣበቁትን ገጾች ፍሙ አጠገብ እያሞቅን አንድ በአንድ አላቀቅናቸው። ጠርዙ ተበልቷል፣ ጽሑፉ ግን ደህና ነበር። ጋሼ ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ አራቁት፣ ከዚያ ወደኔ ገፉት።

«ዓይኔ እምቢ ብሏል። አንቺ አንብቢልኝ።»

ቤቱ ያኔ ልጅ በነበርነው ሁሉ ሞልቷል። መጽሐፉን ተቀብዬ ወደ ኩራዙ ተጠጋሁ። የመጀመሪያውን መስመር ለራሴ እንኳ በማይሰማ ድምፅ አነበብኩት።

«ንቦቹ ይሻሉ ነበር፣ ቢያንስ ድምፃቸው ይሰማል» አሉ ኦቦ ገመዳ ከበሩ ላይ። ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፤ ከሳቁ ኋላ ድምፄ ተከትሎ ወጣ።

ደመናዋ እፍኝ ስታህል ልጅቱ ከጀርባዋ ወረደች፤ በነጠላዋ ቋጥራ የቀረውን መንገድ በእግሯ ሄደች። ቤቷ ስትደርስ እናቷ ደመናዋን ባዶ እንስራ ውስጥ ጨመረቻት። ጠዋት እንስራው ሞልቶ ይፈስ ነበር።

ጋሼ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። «እኔ እኮ ደመናዋ አልቃለች ብዬ ሰባት ዓመት ሙሉ አዝኛለሁ» አሉና ሳቁ። «በይ ከመጀመሪያው ጀምሪልን።»

ከዚያ ምሽት ምን ቀረልኝ ብዬ ሳስብ፣ ትዝ የሚለኝ ማግስቱ ነው። ክፍል ውስጥ መምህሩ «ማን ያነብልናል?» ሲሉ አንዲት እጅ ተነሳች፣ ሰም ሰም ትሸታለች። ቀና ብዬ ሳያት የኔው ነበረች።