ለኮፒው ፍጥነት ስል

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንዳልነግር ደጃቸውን ከረገጥኩ ቆየሁ፤ ለጓደኛ እንዳልነግር የነበረኝ ጓደኛ ደስታ ብቻ ነው፣ የበደልኩትም እሱን ነው። ስለዚህ ለእናንተ ልናገር። አታውቁኝም፣ አላውቃችሁም፤ ፊታችሁን ሳላይ ይቀለኛል። ፈሪ ነኛ!

ሶዶ ውስጥ ከደስታ ጋር አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረችን። እኔ ከፊት ሆኜ ፊልምና መዝሙር በፍላሽ እጭናለሁ፤ እሱ ከኋላ፣ በኮምፔርሳቶ በተከለለችው ክፍል፣ የዘማሪዎችን ድምፅ ይቀዳል። ኮምፒውተራችን ግን አንድ ነበር። የእሱ ማይክ ገመድ በግድግዳው ቀዳዳ አልፎ እኔ ጋ ካለው ማሽን ይገባል።

ሲስተሙን የማዋቅረው እኔ ነበርኩ። ከርነል የሚባለው፣ የኮምፒውተሩን ሥራ ሁሉ የሚያከፋፍለው ክፍል፣ እንደ አዲስ ሲገነባ አንድ ምርጫ ያቀርባል፦ አንድ ሥራ ይዤ ሳለሁ ሌላ አስቸኳይ ቢመጣ ላቋርጥ ወይስ የያዝኩትን ልጨርስ? የመጀመሪያው ምርጫ አታቋርጥ ነው። የያዘውን ፋይል ሳይጨርስ ባለጉዳይን ቀና ብሎ የማያይ የቢሮ ሠራተኛ በሉት፤ ብዙ ሥራ ያወጣል። የመጨረሻው ምርጫ ደግሞ አስቸኳይ ሲመጣ ወዲያው ያቋርጣል። ለድምፅ የሚሆነው እሱ ነው። ድምፅ አይጠብቅማ፤ በሰዓቱ ካልተቀበሉት አለፈ ነው።

ደስታ ለምኖኝ ነበር። "እባክህ ለድምፅ የሚሆነውን አድርግልኝ፣ አልፎ አልፎ እየተቆረጠብኝ ነው" አለኝ። እሺ አልኩት። ከዚያ ቁጭ ብዬ የመጀመሪያውን መረጥኩ። ተሳስቼ አይደለም። ኮፒ ይፈጥንልኛል፣ ደንበኛ ቶሎ ቶሎ እሸኛለሁ ብዬ፣ እያወቅኩ መረጥኩ። ሲጠይቀኝ ዓይኔን በጨው አጥቤ "አድርጌዋለሁ" አልኩት። ለመሆኑ ምን ያህል ይፈጥን ነበር? እንጃ! ለክቼው እንኳ አላውቅም። ዘማሪ ቢቆረጥበት ደግሞ ይዘምራል፣ ምን ችግር አለው ብዬ ነው።

ከዚያ የደስታ አባት ታመሙና ከሻንቶ ለሕክምና መጡ። የደስታ ታናሽ እህት አማረች እሳቸውን ሳታስፈቅድ ቤሩት ሄዳ ነበር፤ ተቀይመው በስልክ እንኳ አላናግራትም ብለው ቀሩ። እኛ አገር ደግሞ አባቱ ሳይመርቀው የሄደ ልጅ፣ ያገኘሁት አይበረክትልኝም እያለ ሲሰጋ ይኖራል። ሐኪሞቹ ተስፋ ሲቆርጡ ሽማግሌው "ለልጄ ቃል ልተውላት፤ ማንም ሳይሰማ፣ ለእሷ ብቻ" አሉ። ድምፃቸው ከመድከሙ የተነሳ የስልክ መቅጃ አልይዘው አለ። ደስታ በባጃጅ ወደ ሱቃችን አመጣቸው፣ ማይኩን አፋቸው ሥር አስተካከለ፣ ቅጂውን አስጀመረና መድኃኒት ሊገዛ ወጣ። በሩ ላይ ዞር ብሎ "ኮፒው አይረብሸውም አይደል?" አለኝ።

"ኧረ አይረብሽም፣ ሂድ!" አልኩት።

ፊቴ ከሃላሌ የመጣ አንድ ደንበኛ ትልቅ ሃርድ ዲስክ ይዞ ቆሟል፤ መኪና ሊያመልጠኝ ነው፣ ቶሎ ሙላልኝ ይላል። "ወንድሜ፣ ትንሽ ታገሰኝ፣ ውስጥ የታመሙ ሰው አሉ" ማለት ምን ይከብዳል? አላልኩም። ኮፒውን ለቀቅኩት። መዝሙሩንም በስፒከር እያስሞከርኩት ነበርና ከግድግዳው ወዲያ ሽማግሌው ካሉት አንዲት ቃል አልሰማሁም።

ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ከለቅሶው በኋላ ደስታ ቅጂውን ከፈተው። መጀመሪያው ደህና ነው። በወላይትኛ ስሟን ጠሩ፣ እንዴት እንደጎዳቻቸው ተናገሩ፣ "አሁን ግን" አሉ። ከዚያ ድምፁ ተቆራረጠ፣ ጭራሽም ጠፋ። ሲመለስ እያሳሉ ነው፤ ጨርሰዋል። አሁን ግን ምን? ይቅር ብዬሻለሁ? ወይስ ቂሜን ይዤ እሄዳለሁ?

ደስታ ጭንቅላቱን ይዞ "ርካሽ ማይክ ገዝቼ የአባቴን ቃል አጠፋሁት!" ሲል ፊቱን እያየሁ "ማይኩ ሳይሆን አይቀርም" አልኩት። ይህን ያልኩት እኔው ነኝ። በማግስቱ ብቻዬን ሆኜ የመጨረሻውን ምርጫ አድርጌ ከርነሉን ገነባሁ፤ በዚያው ማይክ፣ ያንኑ የሚያህል ኮፒ እየሄደ ቀዳሁ። አንድም ቦታ አልተቆረጠም። ያንን የሙከራ ቅጂ አጠፋሁት፤ ለደስታም አልነገርኩትም።

ደስታ መቅዳቱን ትቶ አረካ ከተማ ገባ። መጀመሪያ ይደውል ነበር፤ እኔ ስልክ ሳላነሳ ስቀር እሱም ተወው። የመቅጃ ክፍሏ ባዶ ናት፣ ለማንም አላከራየኋትም። ምሳዬን እዚያ ብቻዬን እበላለሁ። ሱቁ ሰው አጥቶ አያውቅም፤ ምን ሆንክ የሚለኝ ግን የለም። ብቸኝነቱ አንጀቴን በላው። ደግሞስ የማንን ሥራ ነው የማማርረው?

በቅርቡ አማረች ተመልሳ ሱቁ ድረስ መጣች። ማንነቷን ነግራኝ የአባቷ ቅጂ ያለበትን ፍላሽ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

"ወንድሜ፣ የተቆረጠው አይመለስም?"

"አይመለስም እህቴ። መጀመሪያውኑ አልገባም።"

"ያን ቀን አንተ እዚህ ነበርክ አሉኝ። አባዬ ምን አለ? ሰምተሃል?"

እውነቱን ለመናገር አፌን ከፈትኩ። ዓይኖቿን አየሁና "ሰምቻለሁ። ይቅር ብለውሻል፣ መርቀውሻል" አልኳት። ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል ወደ ኋላ ሸሸሁ። "ተባረክ! ተባረክ!" እያለች ሄደች።

አሁን ለደስታ እውነቱን ብነግረው ከእህቱ ላይ ምርቃቷን እነጥቃለሁ። ባልነግረው "የአባቴን ቃል ያጠፋሁት እኔ ነኝ" እንዳለ ይኖራል። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ በእናንተ እጅ ያለ ይቅርታ አይደለም። አማረች ሻንቶ ሄዳ የአባቷ መቃብር ላይ ተደፍታ "አመሰግንሃለሁ" ስትል ዋለች አሉ። እኔ ሰውየው ምን እንዳሉ አላውቅም።